እንቁላል በፖስታ ተልኮ ጫጩት ይሆናል?

በአሜሪካ የአንድ ደርዘን እንቁላል አማካይ ዋጋ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ወደ 6 ዶላር ከ23 ሳንቲም ወጥቶ ነበር። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ተወዶ አያውቅም። ዋናው ምክንያት የወፍ ጉንፋን ነው። በሽታው እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ወደ አገሪቱ የንግድ እርባታዎች ከገባ ወዲህ ከ100 ሚሊዮን በላይ ዶሮዎችና ሌሎች የቤት አእዋፍ ሞተዋል፣ ወይም ስርጭቱን ለመግታት ተብሎ ተወግደዋል። ያኔ ጓሮ ያለው ብዙ ሰው የራሱን ዶሮ ማርባት አሰበ፤ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታና በኮሎራዶ ያሉ ወገኖቻችንም እንዲሁ።

ዶሮ ፍለጋ የወጣ ሰው ታዲያ ብዙም ሳይቆይ አንድ እንግዳ ነገር ያጋጥመዋል። ሻጩ ዶሮ ወይም ጫጩት ሳይሆን እንቁላል በካርቶን አሽጎ በፖስታ እንደሚልክ፣ ገዢውም ቤቱ ማሽን ውስጥ አስቀምጦ እንደሚያስፈለፍል ይነገረዋል። ይህን የሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ስህተቶች በአንዱ ይወድቃል። አንዱ “ይሄማ ማጭበርበር ነው፤ በመኪናና በአውሮፕላን የተንገላታ እንቁላል እንዴት ነፍስ ይዘራል?” ይላል። ሌላው ለአሥራ ሁለት እንቁላል ከፍሎ አሥራ ሁለት ጫጩት ይጠብቃል። ነገሩ እውነት ነው፤ ሕጋዊም ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበትም ኖሯል። ነገር ግን የሚገዛው ጫጩት ሳይሆን ዕድል ነው። ያ ዕድል በምን እንደሚሰፋና በምን እንደሚጠብ ማወቅ ገንዘብም ልፋትም ያድናል።

የሚፈለፈል እንቁላል ከሱቁ በምን ይለያል?

በመልክ፣ በጠረንም ሆነ በክብደት አይለይም። ልዩነቱ እናቲቱ ከአውራ ዶሮ ጋር መዋሏ ነው። ሴት ዶሮ አውራ ባይኖርም እንቁላል ትጥላለች። የገበያው እንቁላል ከሞላ ጎደል ሁሉም አውራ ከማይደርስባቸው ዶሮዎች ስለሚመጣ፣ ማሽን ውስጥ ወር ቢቀመጥም ጫጩት አይወጣውም። አውራው ካገኛት ግን ዘሩ በሰውነቷ ውስጥ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሕያው ሆኖ ይቆይና በየቀኑ የምትጥለውን እንቁላል ያዳብራል። እንዲህ ከዳበረው መካከል ንጹሑን፣ ቅርፊቱ ያልተሰነጠቀውንና ቅርጹ ያልተጣመመውን መርጠው ለማስታቀፍ ወይም ለማሽን ሲያስቀምጡት “የሚፈለፈል እንቁላል” ይባላል።

ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት እንቁላሉን ሳይሰብሩ መዳበሩን ማወቅ አይቻልም። ሲሰበር ግን አስኳሉ ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ ትናገራለች። ካልዳበረ ነጥቧ ትንሽና ቅርጽ የለሽ ናት፤ ከዳበረ ሰፋ ብላ ጥርት ያለ ክብ ቀለበት ትሠራለች። ጠንቃቃ አርቢዎች ለቁርስ በሚሰብሩት እንቁላል ላይ ይህችን ነጥብ እያዩ የአውራቸውን ብርታት ይከታተላሉ።

ቀናት መንገድ ላይ ሲቆይ ሽሉ ለምን አይሞትም?

እንቁላሉ ሲጣል ሽሉ ማደግ ጀምሯል። በእናቱ ሆድ ውስጥ 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት አንድ ቀን ያህል ስለሚቆይ፣ ሲወጣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳት አሉት። ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ግን እድገቱ ይገታል። ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ገደማ በታች ከሆነ ሽሉ ሳይሞትም ሳያድግም ባለበት ይቆያል፤ ሙቀት ሲመለስለት ካቆመበት ይቀጥላል።

ይህ ተፈጥሮ ለፖስታ ቤት ብላ ያዘጋጀችው አይደለም። እናት ዶሮ በቀን ከአንድ እንቁላል በላይ አትጥልም፤ የምትታቀፈው ግን አሥር፣ አሥራ ሁለት ካጠራቀመች በኋላ ነው። የመጀመሪያው እንቁላል የመጨረሻውን ባይጠብቅ ኖሮ ጫጩቶቿ በሁለት ሳምንት ልዩነት ይፈለፈሉ ነበር። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ እናቶቻችን እንቁላሉን ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አጠራቅመው ዶሮዋ መታቀፍ ስትፈልግ በአንድ ቀን ያስታቅፏታል፤ ጫጩቶቹም በ21ኛው ቀን ግድም ተከታትለው ይወጣሉ። በፖስታ መላክ የተቻለው በዚህችው የመጠበቂያ ጊዜ ምክንያት ነው።

ጊዜዋ ግን አጭር ናት። ከ15 እስከ 18 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ የተቀመጠ እንቁላል እስከ ሰባት ቀን ድረስ ብዙም አይጎዳም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የመፈልፈል ዕድሉ ይቀንሳል፤ ሁለት ሳምንት ካለፈው ደግሞ በጣም ይዳከማል። ስለዚህ ሻጩ ሰባት ቀን ያቆየውን ከላከ፣ በመንገድ ሦስት ቀን ሲጨመር እንቁላሉ የሚደርሰው አርጅቶ ነው። በሐምሌ ፀሐይ የቆመ የፖስታ መኪና ውስጥ ሙቀቱ ከ27 ዲግሪ ቢያልፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሽሉ ማደግ ይጀምራል፤ ግን ሙቀቱ የሚበቃውን ያህል አይደለም። ማታ ሲቀዘቅዝ ይቆማል፤ በማግስቱ እንደገና ይጀምራል። እንዲህ ሲነሳና ሲወድቅ የሰነበተ ሽል ማሽን ውስጥ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የመሞት ዕድሉ ሰፊ ነው። በአሜሪካ የብርድ ወራት ደግሞ አደጋው ውርጭ ነው፤ ውስጡ በረዶ የሠራ እንቁላል ብዙውን ጊዜ ይሰነጠቃል፤ ባይሰነጠቅም ተስፋ የለውም። የበልግና የመኸር ለስላሳ አየር ለእንቁላል መላኪያ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ሳይሰበር ከደረሰ ምኑ ነው የሚጎዳው?

ከጠቅላላው ጉዳይ በጣም የማይታወቀው ይህ ነው፤ እኔም ረዘም አድርጌ ላስረዳው የምፈልገው ይህንኑ ነው። ሰው ሳጥኑን ከፍቶ አንድም ስንጥቅ ካላየ “እግዚአብሔር ይመስገን፣ በደህና ገባ” ይላል። ከባዱ ጉዳት ግን ቅርፊቱ ላይ አይታይም።

ከቅርፊቱ በታች ሁለት ስስ ሽፋኖች አሉ፤ አንዱ ከቅርፊቱ ጋር፣ ሌላው ከነጩ ውሃ ጋር ተጣብቆ ይገኛል። እንቁላሉ ከእናቱ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ስለሚሸማቀቅ፣ በሰፊው ጫፍ በኩል ሁለቱ ሽፋኖች ይላቀቁና በመካከላቸው አየር ይገባል። ይህ የአየር ኪስ ይባላል። የተቀቀለ እንቁላል ስትልጡ በአንድ በኩል የምታዩት ጎድጓዳ ቦታ እሱ ነው። አስኳሉም መሀል ላይ እንዲቆይ ከሁለቱም ጫፍ የሚይዙት ጠመዝማዛ ነጭ ክሮች አሉ።

አሁን ይህን እንቁላል የፖስታ ቤት ዕቃ ማስተላለፊያ ቀበቶ ላይ አስቡት። ከአንዱ ቀበቶ ወደ ሌላው ይወድቃል፤ በከባድ መኪና ለሰዓታት ይንቀጠቀጣል፤ ተገልብጦም ሊያድር ይችላል። ካርቶኑ ላይ “ተሰባሪ” ተብሎ የተጻፈውን የሚያነበው ሰው ነው፤ ማሽኑ አያነበውም። ንዝረቱ ሲበዛ የውስጠኛው ሽፋን ይላቀቃል፣ አንዳንዴም ይቀደዳል፤ ነጩ ውሃ ይቀጥናል፤ አስኳሉን የያዙት ክሮች ይደክማሉ። ኪሱ ቦታውን ይለቅና እንቁላሉ በዞረ ቁጥር አየሩ ወደ ላይ ወደሆነው ወገን ይሄዳል። ግንበኛ ውሃ ልኩን ሲያዘነብል አረፋዋ እንደምትሸሽ ማለት ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰፊውን ጫፍ ጠንካራ ባትሪ ላይ አስደግፎ እንቁላሉን ቀስ ብሎ በማዘንበል ይህን ማየት ይቻላል። ኪሱ ባለበት ከረጋ ጤነኛ ነው፤ ጠርዙ ከተወዛወዘ ተጎድቷል፤ ሙሉ በሙሉ ከተንሳፈፈ ክፉኛ ተጎድቷል።

ይህች የአየር ኪስ ይህን ያህል የምታስጨንቀው ለምንድን ነው? ጫጩቱ የመጀመሪያ ትንፋሹን የሚስበው ከእሷ ስለሆነ ነው። እስከ 19ኛው ቀን ገደማ ሽሉ አየር የሚያገኘው በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል ነው፤ ከቅርፊቱ ሥር የተዘረጉት የደም ሥሮች ኦክስጅን ያቀብሉታል። መውጫው ሲደርስ ይህ አይበቃውም። ስለዚህ ጭንቅላቱን ወደ ሰፊው ጫፍ መልሶ፣ ቅርፊቱን ከመስበሩ በፊት፣ መጀመሪያ የውስጡን ሽፋን በምንቃሩ ይበሳና ምንቃሩን ኪሱ ውስጥ አስገብቶ ይተነፍሳል። ሳንባው ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው። ከዚያ ሰዓታት አርፎ ቅርፊቱን ይነቁራል። ኪሱ በቦታው ከሌለ፣ ወይም ወደ ጎን ሄዶ ከቀረ፣ ጫጩቱ ወደሚያውቀው አቅጣጫ ሄዶ አየር ያጣል፤ በፈሳሹ ታፍኖም ይሞታል። በፖስታ የመጣ እንቁላል ያስፈለፈሉ ሰዎች አብዝተው የሚያዝኑበት ነገር ይኸው ነው፦ ሃያ ቀን ሙሉ አድጎ፣ ላባ አብቅሎ፣ ቅርፊቱ ውስጥ እንዳለ የቀረ ጫጩት።

ኤክስሬይ ሽሉን ይገድላል የሚል ወሬም በሰፊው ይነገራል። ዕቃ ለመፈተሽ የሚውለው ጨረር መጠን ሽል ከሚገድለው በእጅጉ ያነሰ ነው። እንቁላልን የሚጎዱት ንዝረት፣ ሙቀትና ጊዜ ናቸው።

ፖስታ ቤቱ እንዴት ፈቀደ?

የአሜሪካ ፖስታ ቤት ትላልቅ ጥቅሎችን ማጓጓዝ የጀመረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1913 ነው። ከዚያ በፊት በአገር ውስጥ ከ4 ፓውንድ በላይ የሚመዝን ዕቃ አይቀበልም ነበር። አገልግሎቱ እንደተከፈተ ገበሬዎች ቅቤና እንቁላል ለከተማ ደንበኞች በቀጥታ መላክ ጀመሩ። በ1918 ደግሞ የአንድ ቀን ጫጩት በፖስታ እንዲሄድ ተፈቀደ። ጫጩት ሊፈለፈል ሲል የአስኳሉን ቀሪ ወደ ሆዱ ስለሚያስገባ ሦስት ቀን ያህል ያለ ምግብና ያለ ውሃ መቆየት ይችላል፤ ደንቡ ዛሬም ጫጩቱ ከተፈለፈለ በ72 ሰዓት ውስጥ ተቀባዩ ዘንድ እንዲደርስ ያዛል። የሚፈለፈል እንቁላልም በዚሁ መስመር ይጓዛል።

ከማጓጓዙ ይልቅ ከባዱ ጥያቄ የበሽታ ነው። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ የአሜሪካን ዶሮ አርቢዎች ያስለቀሰው ፑሎረም የሚባል የሳልሞኔላ ባክቴሪያ ዓይነት ነው። ጫጩቶች ነጭ ተቅማጥ ይይዛቸውና በቀናት ውስጥ ያልቃሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ከአሥር ስምንቱ ይሞቱ ነበር። ተንኮሉ ያለው እናት ዶሮዋ ጤነኛ መስላ በሽታውን በእንቁላሏ ማስተላለፏ ላይ ነው። አንድ የተበከለ እንቁላል ማሽን ውስጥ ሲፈለፈል ከጫጩቱ የሚበነው ትቢያና ላባ ሌሎቹን ሁሉ ይበክላል። ስለዚህ እንቁላል በፖስታ መሸጥ በሽታን በመላ አገሪቱ መበተን ሊሆን ይችል ነበር።

መልሱ በ1935 ሥራ የጀመረው ብሔራዊ የዶሮ ማሻሻያ ዕቅድ ነው። የፌዴራሉ መንግሥትና ክፍለ ግዛቶች በጋራ የሚያካሂዱት ሲሆን አርቢው የሚገባበት በፈቃዱ ነው። የዶሮዎቹ ደም ይመረመራል፤ ነጻ ሆነው ከተገኙ አርቢው መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። በኋላ የመተንፈሻ አካል በሽታ የሚያመጣው ማይኮፕላዝማ የተባለ ተሕዋስና የወፍ ጉንፋንም ወደ ምርመራው ተጨምረዋል። መግባቱ በፈቃደኝነት ቢሆንም፣ አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ከሌላ ግዛት ለሚገባ የሚፈለፈል እንቁላል ይህን ማስረጃ ወይም ተመጣጣኙን ይጠይቃሉ። ሻጩ ከእንቁላሉ ጋር ቅጽ 9-3 የሚባለውን ወረቀት መላክ አለበት። “ትንሽ አርቢ ነኝ፣ ወረቀት የለኝም” የሚል ሻጭ በዋጋ ቢረክስም ከእሱ ባይገዛ ይሻላል፤ የሚመጣው በሽታ ጓሮ ውስጥ ያሉትን ዶሮዎች ጭምር ሊጨርስ ይችላል። የወፍ ጉንፋን በተገኘበት እርባታ ዙሪያ ቢያንስ የ10 ኪሎ ሜትር የቁጥጥር ቀጠና ይታወጃል፤ ከቀጠናው እንቁላል ያለ ፈቃድ አይወጣም። ቀድመው የከፈሉበት እንቁላል ድንገት “አይላክም” ከተባለ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ከመግዛቴ በፊት ሻጩን ምን ልጠይቅ?

ከሁሉ በፊት፣ ሰሞኑን ከራሱ እንቁላል አስፈልፍሎ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁ። ቤቱ ውስጥ ከአሥር ስምንት ወይም ዘጠኝ የሚፈለፈልለት ሰው ዘሩ ጥሩ ነው፤ እዚያው ከአሥር አምስት ብቻ የሚወጣለት ከሆነ መንገድ ሲጨመርበት ምን እንደሚቀር ማሰብ አይከብድም። አውራው ለስንት ሴት እንደሆነም ይጠየቅ፤ ለአንድ አውራ ስምንት እስከ አሥር ሴት ጥሩ ነው። እንቁላሉ የተጣለበት ቀን በየቅርፊቱ ላይ በእርሳስ ቢጻፍ ክርክር ያስቀራል።

ቀጥሎ ስለ አስተሻሸጉ ይጠይቁ። ጥሩ ሻጭ እያንዳንዱን እንቁላል አየር በተሞላ ፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አቁሞ፣ እንዳይነቃነቅ አጥብቆ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ሳጥኑን ሌላ ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ክፍተቱን ይሞላዋል። ለእንቁላል መጠን የተቦረቦረ ስፖንጅም ጥሩ ነው። ሳጥኑ ሲነቀነቅ ምንም ነገር መንኳኳት የለበትም። የሚላከው ሰኞ ወይም ማክሰኞ ይሁን፤ ሐሙስ የተላከ እንቁላል ቅዳሜና እሑድን መጋዘን ውስጥ ሊያሳልፍ ይችላል። ሳጥኑ ላይ የስልክ ቁጥርዎ ተጽፎ “ፖስታ ቤት ይቆይ” ቢባልና ራስዎ ሄደው ቢወስዱት፣ ቀኑን ሙሉ በአከፋፋዩ መኪና ከመዞር ይተርፋል።

ዋስትናን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ ሻጮች እንቁላሉ የዳበረና በደንብ የታሸገ መሆኑን እንጂ መፈልፈሉን አያረጋግጡም። ገዢዎች በዚህ ይበሳጫሉ፤ እኔ ግን ሻጩን እረዳዋለሁ። መንገዱም የእርስዎ ማሽንም በእሱ እጅ አይደሉም። የሚገባው ነገር ይህ ከመክፈልዎ በፊት በግልጽ መነገሩ ነው።

ሳጥኑ ሲደርስ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

በቀጥታ ማሽን ውስጥ አያስገቡት። ደጋግሞ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ይጓጓል፣ ቀኑ እየሄደበት ይመስለዋል። የተሰነጠቀውን ለይተው የቀረውን ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ በእንቁላል ካርቶን ላይ ያቁሙና ከ12 እስከ 24 ሰዓት በቤት ውስጥ ያሳርፉት። በዚህ ጊዜ አስኳሉ ወደ መሀል ይመለሳል፤ የተናጋው ኪስም ወደ ሰፊው ጫፍ ተመልሶ የመርጋት ዕድል ያገኛል። የእንቁላሉ ቅዝቃዜም ቀስ ብሎ ከክፍሉ ጋር ይስተካከላል። ቀዝቃዛ እንቁላል ድንገት ሞቃትና እርጥብ ማሽን ውስጥ ሲገባ ላቡ ይወጣል፤ ያ ውሃ ቅርፊቱ ላይ ያለውን ተሕዋስ በቀዳዳዎቹ በኩል ወደ ውስጥ ይዞ ይገባል። በዚሁ ምክንያት እንቁላሉን ማጠብም አይገባም፤ ቅርፊቱን የሚጠብቀው ተፈጥሯዊ ልባስ ይነሳል።

ማሽኑ እንቁላሉ ከመግባቱ አንድ ቀን ቀድሞ ይከፈትና ሙቀቱ ይረጋ። ማራገቢያ ላለው ማሽን ትክክለኛው 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር 99.5 ፋራናይት ነው። እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን 50 በመቶ አካባቢ፣ ከዚያ በኋላ ከ65 እስከ 70 በመቶ ይሁን። ሽሉ ከሽፋኑ ጋር እንዳይጣበቅ እንቁላል በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይገላበጣል፤ በ18ኛው ቀን ይቆማል።

ኪሱ ለተናጋ እንቁላል ግን አንድ ለውጥ አለ። በጎኑ ከማስተኛት ይልቅ ቆሞ፣ ሰፊው ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጥ፤ መገልበጡም ወደ አንዱና ወደ ሌላው ጎን በማዘንበል ይሁን። ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ጨርሶ አይነኩትም። ይህ ብልህነት ነው፤ ከዚያ በላይ ግን መቆየት አይመከርም፤ መገልበጥ ለሽሉ በጣም የሚያስፈልገው ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው።

ከፍታ ቦታ ለሚኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። የኮሎራዶዋ ከተማ ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሽሉ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል፤ ውሃውም በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ቶሎ ይተናል። ትውልዳቸው ከፍታ ላይ የኖረ ዶሮዎች የእንቁላላቸው ቀዳዳ ለዚህ የተመጠነ ነው። ከፍሎሪዳ የመጣ እንቁላል ዴንቨር ላይ ቢቸገር አያስገርምም፤ ከተቻለ በተመሳሳይ ከፍታ ካለ አርቢ መግዛት ይበጃል።

ስንቱ ይፈለፈላል? ካልሆነስ ጥፋቱ የማን ነው?

በፖስታ ከመጣ እንቁላል ግማሹ ከተፈለፈለ አርቢዎች ጥሩ ነው ይላሉ። ሁሉም የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ አንድም የማይወጣበት ጊዜም አለ።

በ7ኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በባትሪ ሲያዩት ቀጫጭን የደም ሥሮች በየአቅጣጫው ተዘርግተው ከታዩ ሽሉ ሕያው ነው። ጥርት ብሎ ምንም ከሌለበት ወዲያው ሻጩን አይውቀሱ፤ ይሰበርና አስኳሉ ላይ ያለችው ነጥብ ትታይ። ትንሽና ቅርጽ የለሽ ከሆነች አልዳበረም፤ ይህ የሻጩ ነው። የደም ቀለበት ካለበት ዳብሮ ነበር፤ ጀምሮ የሞተ ነው፤ ምክንያቱ የቆየ እንቁላል፣ የመንገድ ሙቀት ወይም የማሽኑ ሙቀት መዛባት ሊሆን ይችላል። ሙሉ በሙሉ አድገው በመጨረሻዎቹ ቀናት የቀሩት ብዙ ከሆኑ ደግሞ የአየር ኪሱና የማሽኑ እርጥበት ይጠርጠሩ። ይህን መዝግቦ ፎቶ አንስቶ ለሻጩ የሚልክ ገዢ፣ ተናዶ ከሚጽፈው ይልቅ ምትክ የማግኘት ዕድል አለው።

ሳይታሰብ የሚቀር ሌላ ስሌትም አለ። ከተፈለፈሉት ግማሽ ያህሉ ወንድ ናቸው። የእንቁላሉ ቅርጽ ሹል ከሆነ ወንድ፣ ክብ ከሆነ ሴት ነው የሚባለው መሠረት የለውም። እንበልና አሥራ ሁለት እንቁላል ከነማጓጓዣው 60 ዶላር ተገዛ። ስድስት ተፈለፈሉ፤ ሦስቱ ሴት ናቸው። አንዷ ቄብ 20 ዶላር ወጣባት ማለት ነው፤ እንቁላል እስክትጥል ደግሞ አምስት ወር ገደማ ትቀለባለች። ሦስቱ አውራዎችስ? ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ሴት ዶሮ ቢፈቅዱም አውራን ይከለክላሉ፤ ጎህ ሲቀድ መጮሁ ጎረቤት ያስከስሳል። በጓሮ ማረድንም የሚከለክሉ ከተሞች አሉ። ከመግዛትዎ በፊት የከተማውን ደንብ ማንበብ፣ አውራዎቹን የሚቀበል ገበሬ መፈለግ ግድ ነው።

ስለዚህ ፍላጎትዎ የቤት እንቁላል ብቻ ከሆነ፣ ፆታቸው የተለየ ሴት ጫጩቶችን ከማስፈልፈያ ድርጅት መግዛት በገንዘብም በድካምም ይቀላል። በፖስታ የሚመጣው እንቁላል ዋጋ የሚኖረው በአካባቢ የማይገኝ ዝርያ ለሚፈልግ፣ አውራ ማኖር ለማይችልና ዘር ለማሻሻል ለሚሻ፣ እንዲሁም ልጆቹ ጫጩት ከቅርፊቱ ሲወጣ እንዲያዩ ለሚፈልግ ሰው ነው።

ከአገር ቤት ማስመጣት ወይም ወደ አገር ቤት መውሰድስ?

“የሐበሻ ዶሮ እንቁላል በሻንጣ ባመጣ?” የሚል ጥያቄ አይጠፋም። ናፍቆቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን አይሆንም። የሚፈለፈል እንቁላል ወደ አሜሪካ የሚገባው በቅድሚያ በተገኘ የማስገቢያ ፈቃድና በላኪው አገር መንግሥት የእንስሳት ሐኪም የምስክር ወረቀት ነው። በአገራችን ፈንግል የምንለው የዶሮ በሽታ ካለባቸው አገሮች የሚመጣ ሲሆን ጥበቃው ይበልጥ ይጠብቃል፤ ፈንግል የአሜሪካን እርባታ ሊያወድም ከሚችሉት በሽታዎች አንዱ ነውና። ደብቆ መያዝ እንቁላሉን ማስወረስና መቀጫ ማስከፈል ብቻ ሳይሆን የሌላ ሰው ሺህ ዶሮዎች ማስገደልም ሊሆን ይችላል። ወደ ኢትዮጵያ ለመውሰድም እንዲሁ የማስገቢያ ፈቃድና የጤና ሰርተፊኬት ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ እንቁላል በፖስታ የመላክ ልማድ የለም። ማስፈልፈያ ድርጅቶች የአንድ ቀን ጫጩት ለአሳዳጊዎች ያከፋፍላሉ፤ እነሱ ሁለት ወር ገደማ አሳድገውና አስከትበው ለገበሬው ይሸጣሉ። የሆነ ሆኖ ጥሩ ዘር ፈልጎ ከሌላ ከተማ በአውቶቡስ እንቁላል የሚያመጣ ሰው ብዙ ነው፤ በጠጠር መንገድ የተንገጫገጨ እንቁላል በፖስታ ከመጣው አይለይም። በጭድ ወይም በሰጋቱራ ተጠብቆ፣ ከጣሪያ ላይ ጭነትና ከመኪናው ሞተር ርቆ፣ በጉልበት ላይ ተይዞ ይምጣ። ዶሮዋ ታቃፊ ሆና እየጠበቀች ቢሆንም፣ እንቁላሉ ሹሉን ወደ ታች አድርጎ አንድ ሌሊት ይደር፤ የምታስታቅፉት በማግስቱ ይሁን።